ማርኮኒና ነፋስ ስልክ

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ነፋስ ስልክ ከተባለው ሠፈር ይደርሳል። ሠፈሩ ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለተባለው ክፍለ ከተማ ስሙን ሰጥቷል። ይህን ስም በየቀኑ የሚጠሩት የአውቶቡስና የታክሲ ተሳፋሪዎች ብዙ ናቸው፤ ትርጉሙን ቆም ብሎ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው። ስልክ የሚለው ቃል በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ ነፋስ ስልክ ሲባል ነፋስን እንደ ሽቦ አድርጎ፣ ምሰሶ ሳይተከልለትና ገመድ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማለት ይሆናል። አውሮፓውያን ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ያሉትን አዲስ ነገር አባቶቻችን በዚህ አጭርና ውብ ስም ጠሩት፤ ሠፈሩም ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የነፋስ ስልክ ጣቢያ ነው።

ይህ ምንባብ ነፋስ ስልክን ከሊቃውንት የምርምር ክፍል አውጥቶ በመርከቦች ላይ የተከለውን የጉሊየልሞ ማርኮኒን ሕይወት ይተርካል። ማርኮኒ በባሕር ላይ የብዙ ሺህ ሰዎችን ነፍስ ያዳነ መሣሪያ ለዓለም ያበረከተ ሰው ነው። በኋላ ዘመኑ ግን አገራችንን ከወረረው መንግሥት ጎን ቆሟል። ስለዚህ ታሪኩ በተለይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ ሚያዝያ 25 ቀን 1874 በሰሜን ጣሊያን በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁዜፔ ማርኮኒ ባለጸጋ ባለርስት ሲሆን እናቱ አኒ ጄምሶን ደግሞ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። ከእናቱ የእንግሊዝኛ ቋንቋን ስለ ተማረ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ሆነ። በመደበኛ ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋም፤ አብዛኛውን ትምህርቱን የተማረው በግል መምህራን ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም አልበቃም። ይሁን እንጂ በሊቮርኖ ቪንቼንሶ ሮዛ የተባሉ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ካስተማሩት በኋላ ልቡ ከዚህ ዕውቀት ሊላቀቅ አልቻለም። የቤተሰቡ ጎረቤት የነበሩት የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊም መጻሕፍትንና የምርምር መሣሪያዎችን እንዲመለከት በር ከፈቱለት።

በዚያ ዘመን ስለ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚታወቀው ገና ጥቂት ነበር። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እንዲህ ያለ ሞገድ መኖሩን በ1860ዎቹ ዓመታት በሒሳብ ስሌት አመልክቶ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሄርትዝ ደግሞ በ1888 ገደማ ሞገዱን በምርምር ክፍሉ ውስጥ በተግባር አስገኘው። ሄርትዝ በ1894 መጀመሪያ ላይ ገና በ36 ዓመቱ ሲሞት ፕሮፌሰር ሪጊ ሥራውን የሚያወሳ ጽሑፍ አወጡ። ማርኮኒ በዚያው ዓመት ክረምት በተራሮች መካከል ዕረፍት ላይ ሳለ ይህንኑ ጽሑፍ አነበበ። ሊቃውንቱ በሞገዱ ጠባይ ሲደነቁ፣ የ20 ዓመቱ ወጣት ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ይኸውም ሞገዱ ያለ ሽቦ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ከሆነ መልእክት ለምን አይሸከምም የሚል ነበር።

ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ በአባቱ ቤት ሰገነት ላይ ሥራውን ጀመረ። ማስተላለፊያው ሁለት የብረት ሉሎች ያሉት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሉሎቹ መካከል ሲዘል ሞገድ ይፈጠራል። መቀበያው ደግሞ በውስጡ የብረት ብናኝ የተጨመረበት ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነበር። ሞገዱ ሲነካው ብናኙ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ከዚያ ትንሽ መዶሻ ቱቦውን መታ አድርጋ ብናኙን ትበትነዋለች። እነዚህን መሣሪያዎች ሌሎች ሊቃውንት አስቀድመው የሠሯቸው ሲሆኑ ማርኮኒ አሻሻላቸው፤ የራሱንም ዘዴ ጨመረባቸው። የመሣሪያውን አንድ ጫፍ ከረጅም ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ከመሬት ጋር አገናኘው። ያን ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል ብቻ ይደርስ የነበረው ምልክት ሜዳውን አቋርጦ መሄድ ጀመረ። በ1895 ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ከኮረብታው ማዶ ይዞ እንደ ሄደና ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ ተኩሶ እንዳስታወቀ ይተረካል። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ማርኮኒ በአገሩ ለሥራው በቂ ድጋፍ ስላላገኘ በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። የጉምሩክ ሠራተኞች እንግዳ የሆነውን መሣሪያውን ሲፈትሹ ሰባበሩት፤ እርሱ ግን ሳይታክት እንደገና ሠራው። እንግሊዝን የመረጠው በከንቱ አልነበረም። ያን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጡ መርከቦች የነበሯት አገር እንግሊዝ ነበረች፤ ነፋስ ስልክም ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ለመርከብ እንደ ሆነ አስተዋለ። የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ወጣቱን ተቀብለው ረዱት። በ1897 የፈጠራ መብቱ ጸደቀለት፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መልእክት የባሕር ወሽመጥ አቋርጦ እንዲደርስ አደረገ፤ በሐምሌም የራሱ ኩባንያ ተቋቋመ። ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበር።

ለመሆኑ መርከብ ይህ መሣሪያ ይህን ያህል ለምን አስፈለገው? በየብስ ላይ ቴሌግራፍ ከተዘረጋ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። በውቅያኖስ ወለል ላይ እንኳ ሽቦ ተዘርግቶ አውሮፓንና አሜሪካን ያገናኝ ነበር። በመርከብ ላይ ያለ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ተቋድሶ አያውቅም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሽቦ እየጎተተ ሊሄድ አይችልምና። መርከብ ከወደብ ወጥቶ የየብስ ጥላ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ከዓለም የተለየ ደሴት ይሆን ነበር። በቀን በባንዲራ፣ በሌሊት በመብራት፣ በጉም ጊዜ በጥሩንባ ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ይህም የሚጠቅመው በዓይን ለሚታይ ወይም በጆሮ ለሚሰማ ሌላ መርከብ ብቻ ነው። አደጋ የደረሰበት መርከብ እንደ ወጣ የቀረ እንደ ሆነ የት እንደ ሰጠመና መንገደኞቹ እንዴት እንደ ሞቱ የሚናገር አይገኝም ነበር። የሚጠብቁት ቤተሰቦችም በወደብ ሆነው ሳምንታት ከቆጠሩ በኋላ ተስፋ ይቆርጡ ነበር።

ስለዚህ የማርኮኒ መሣሪያ ፈጥኖ ወደ ባሕር ወረደ። በ1899 በእንግሊዝ ጠረፍ ላይ ለመርከቦች የአደጋ ምልክት የሚሰጥ አንድ መብራት ተሸካሚ መርከብ በጉም ውስጥ በሌላ መርከብ ሲመታ በነፋስ ስልክ ከየብስ እርዳታ ጠራ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርኮኒ ከአሜሪካ ሲመለስ በተሳፈረበት ሴንት ፖል በተባለው የመንገደኞች መርከብ ላይ መሣሪያውን ተከለ። መርከቡ ከእንግሊዝ ጠረፍ ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የዓለምን ወሬ ተቀበለ፤ ወሬውም በመርከቡ ማተሚያ ታትሞ ለመንገደኞች ተሸጠ። በ1900 ታላቁ የጀርመን መርከብ ካይዘር ቪልሄልም ዴር ግሮሰ የነፋስ ስልክ ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ የመርከብ ኩባንያዎች መሣሪያውን ለማስገጠም ይሽቀዳደሙ ጀመር።

ብዙ ሊቃውንት ግን ነፋስ ስልክ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚያገለግል ነው ይሉ ነበር። ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነና ምድርም ክብ ስለ ሆነች፣ ከአድማስ ያለፈው ምልክት ወደ ሕዋ ወጥቶ ይጠፋል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ማርኮኒ ይህን ለመፈተን ቆረጠ። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል፣ ፖልዱ በተባለ ስፍራ ኃይለኛ ማስተላለፊያ አስተከለ፤ እርሱ ደግሞ ጆርጅ ኬምፕንና ፐርሲ ፓጀትን አስከትሎ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄደ። በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ሆነው የመቀበያውን ሽቦ በወረቀት ወፍ አምሳል በተሠራ የጨርቅ መጫወቻ ወደ ሰማይ ሰደዱት። ብርቱ ነፋስ እየነፈሰ ብዙ አስቸገራቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ማርኮኒ በጆሮው ላይ በያዘው ማዳመጫ ሦስት አጫጭር ምቶች ሰማ። ምልክቱ 3400 ኪሎ ሜትር ያህል ውቅያኖስ አቋርጦ ነበር።

የሰሙት ማርኮኒና ኬምፕ ብቻ ስለ ነበሩ የተጠራጠሩት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ማርኮኒም ከክርክር ይልቅ ሌላ ማስረጃ መረጠ። በየካቲት ወር 1902 ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከፖልዱ የሚላከው ምልክት በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ የመርከቧም አዛዥ በፊርማው አረጋገጠ። ሙሉ መልእክት ከ2500 ኪሎ ሜትር፣ ነጠላ ምልክት ደግሞ ከ3400 ኪሎ ሜትር ርቀት ተነበበ። በዚሁ ጉዞ በሌሊት የሚላክ መልእክት በቀን ከሚላከው እጅግ አብልጦ እንደሚርቅ ተገነዘበ። ምክንያቱ የታወቀው በኋላ ነው፤ ከምድር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ የአየር ንጣፍ ሞገዱን እንደ መስተዋት ወደ ምድር እንደሚመልሰው በ1920ዎቹ ዓመታት በምርምር ተረጋገጠ። ማርኮኒ የነገሩን ምክንያት ሳያውቅ ነገሩን ሠርቶት ነበር።

በ1907 በአየርላንድና በካናዳ መካከል የሕዝብ አገልግሎት ተከፈተ። በታላላቅ መርከቦች ላይም የነፋስ ስልክ ክፍል የተለመደ ነገር ሆነ። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ20 ብዙ ያልዘለለ አንድ ወይም ሁለት ወጣቶች ማዳመጫ በጆሯቸው ደፍተው ይቀመጡ ነበር። ደመወዛቸውና ትእዛዛቸው የሚመጣው በአብዛኛው ከማርኮኒ ኩባንያ ነበር። ዋናው ገቢ የሚገኘው ባለጸጎች መንገደኞች ለወዳጆቻቸውና ለነጋዴ ደንበኞቻቸው ከሚልኩት መልእክት ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ጊዜያቸውን በአብዛኛው የሚያሳልፉት በዚሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም።

የማርኮኒ ኩባንያ ሌላም ነቀፋ ነበረበት። ከአደጋ ጊዜ በቀር ሠራተኞቹ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከያዘ መርከብ ጋር እንዳይነጋገሩ ይከለክል ነበር። ዓላማው ተወዳዳሪዎችን ከገበያ ማስወጣት ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን እየተጓዙ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው እየሰማ የማይመልስበት ጊዜ ነበር። መንግሥታት ይህን በመቃወም በ1906 በበርሊን ተሰብስበው መርከቦች የመሣሪያቸው ዓይነት ቢለያይም እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ወሰኑ። ዛሬም ድረስ የታወቀውን ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር የሆነውን የጭንቅ ጥሪ ምልክት ለዓለም ሁሉ ያጸደቀው ይኸው ጉባኤ ነው።

የነፋስ ስልክ ጥቅም ለዓለም ሁሉ የተገለጠው ጥር 23 ቀን 1909 ነበር። በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ በከባድ ጉም ውስጥ ሪፐብሊክና ፍሎሪዳ የተባሉ ሁለት የመንገደኞች መርከቦች ተጋጩ። የሪፐብሊክ የነፋስ ስልክ ሠራተኛ ጃክ ቢንስ ግድግዳው በፈረሰ ክፍል ውስጥ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ የመርከቡ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም በባትሪ እየተጠቀመ ለብዙ ሰዓታት ጥሪውን አሰማ። ባልቲክ የተባለው መርከብ ጥሪውን ሰምቶ በጉሙ ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው። በግጭቱ ከሞቱት ጥቂት ሰዎች በቀር ከ1500 የሚበልጡ ነፍሳት ዳኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርኮኒ ከጀርመናዊው ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን የመሣሪያው ጉድለትም እንዲሁ ተገለጠ። ታይታኒክ የተባለው በጊዜው ከመርከቦች ሁሉ የሚበልጠው መርከብ በሚያዝያ ወር 1912 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀመረ። በውስጡ 2200 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎቹ ግን ለግማሾቹ ያህል ብቻ የሚበቁ ነበሩ። ሚያዝያ 14 ቀን ሌሎች መርከቦች በመንገዱ ላይ የበረዶ ጋራ መኖሩን በነፋስ ስልክ ደጋግመው አስጠነቀቁት። በምሽቱ ካሊፎርኒያን የተባለ በቅርብ የነበረ መርከብ በበረዶ ተከቦ መቆሙን ሊነግረው ሲሞክር፣ የተከማቸ የመንገደኞች መልእክት ለመላክ ሲጣደፍ የነበረው የታይታኒክ ሠራተኛ ጃክ ፊሊፕስ ዝም እንዲል ነገረው። የካሊፎርኒያን ብቸኛ ሠራተኛም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ታይታኒክ ከበረዶው ጋራ ጋር ተላተመ።

ፊሊፕስና ረዳቱ ሃሮልድ ብራይድ ውኃው ወደ ክፍላቸው እስኪደርስ ድረስ የጭንቅ ጥሪ አሰሙ። ቅርብ የነበረው ካሊፎርኒያን ሠራተኛው ተኝቶ ስለ ነበር አልሰማም። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የነበረው ካርፓቲያ ግን ሰማ፤ ያውም ሠራተኛው ሃሮልድ ኮታም ለመተኛት እየተዘጋጀ ሳለ ማዳመጫውን ገና ከራሱ ላይ ስላላወረደ ነበር። ካርፓቲያ በበረዶ መካከል በፍጥነት ገስግሶ ሲደርስ ታይታኒክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ሰጥሞ ነበር። ከ700 በላይ የሆኑት በጀልባዎች ላይ ተገኝተው ዳኑ፤ 1500 ያህል ሰዎች ግን ሞቱ። ፊሊፕስም ከሞቱት አንዱ ነበር። ማርኮኒ በዚሁ መርከብ እንዲጓዝ ተጋብዞ ነበር፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ በሌላ መርከብ ስለ ሄደ ከአደጋው ተረፈ።

ካርፓቲያ ኒውዮርክ ሲደርስ ማርኮኒ ራሱ ወደ መርከቡ ገባ። የዳኑት ሰዎች እንደ አዳኛቸው ቆጠሩት፤ ነፋስ ስልክ ባይኖር ካርፓቲያ ባልመጣ ነበርና። የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች ግን በጥያቄ አስጨነቁት፤ ሠራተኞቹ የአደጋውን ታሪክ ለጋዜጣ እንዲሸጡ መፍቀዱም አስተቸው። ከዚህ አደጋ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር። ጥሪ የሚያሰማ መሣሪያ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ ነቅቶ የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚነሣ ሰው ያስፈልገዋል። በጥር ወር 1914 መንግሥታት በለንደን ስለ ሰው ነፍስ ደኅንነት በባሕር ላይ ውል ተፈራረሙ፤ ውሉም ለሰው ሁሉ የሚበቃ ጀልባ እንዲኖርና በታላላቅ መርከቦች ላይ ነፋስ ስልክ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ እንዲደመጥ የሚያዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የማርኮኒ ክብር እየጨመረ ሄደ። በ1914 የአገሩ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ጣሊያንን ወክሎ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ተገኘ። ኤሌትራ የተባለች መርከብ ገዝቶ የምርምር ቤት አደረጋት፤ በእርሷም ላይ እየኖረ በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ጋር የመነጋገርን ዘዴ አዳበረ። የፈጠራው ባለቤትነት ግን አከራካሪ ነበር። የሩስያው አሌክሳንደር ፖፖቭ፣ የእንግሊዙ ኦሊቨር ሎጅ፣ በአሜሪካ የኖረው ኒኮላ ቴስላና የሕንዱ ጃጋዲሽ ቦስ በዚሁ መስክ ታላላቅ ሥራዎች ሠርተዋል። በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከማርኮኒ የፈጠራ መብቶች ዋነኛ የነበረው አንዱ ሌሎች ቀድመው ከሠሩት የተለየ አዲስ ነገር የለውም ሲል የመብቱን አብዛኛውን ክፍል ሽሯል። ስለዚህ ነፋስ ስልክ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙዎች ልፋት ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ነፋስ ስልክ ከኢትዮጵያም ታሪክ ጋር ተገናኝቷል። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው የምድር ባቡር በ1917 ዋና ከተማው ከደረሰ በኋላ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ መንገደኞች በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ ቀይ ባሕርንና የስዊዝን ቦይ አልፈው ይጓዙ ነበር። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ከመኳንንቶቻቸው ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ በዚሁ መንገድ ነበር የሄዱት። በኋላም መንግሥታቸው አገሪቱን ከዓለም ጋር በቀጥታ ለማገናኘት ነፋስ ስልክን ፈለገ። በአቃቂ የተሠራው ኃይለኛ የራዲዮ ጣቢያ በ1935 ሥራ ጀመረ። የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር።

በዚያን ጊዜ ማርኮኒ የት ነበር? በ1923 የሙሶሊኒ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በፋሺስቱ ከፍተኛ ምክር ቤትም ውስጥ ወንበር አገኘ። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ሲወር ማርኮኒ ወረራውን ደገፈ። የታወቀውን ስሙን ይዞ በውጭ አገር ስለ ጣሊያን ተሟገተ። በእንግሊዝ ራዲዮ ቀርቦ ስለዚሁ ለመናገር ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። የራዲዮ አባት ተብሎ የተጠራው ሰው በወጣትነቱ በተቀበለችው አገር የራዲዮ በር ተዘጋበት።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ድምፅዋን ያሰማችው በዚያው በራዲዮ ነው። ወረራው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በመስከረም ወር 1935፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአቃቂው ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አሰሙ። በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በዚሁ ጣቢያ ይልኩ ነበር። ነገር ግን ነፋስ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ጦር ሠፈሮች የሚላኩትን የራዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። በመንግሥታት ማኅበር አባልነት የታመነችው ኢትዮጵያ የጭንቅ ጥሪዋን አሰማች፤ ጥሪዋ ለዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ሰምቶ የተነሣ ግን አልተገኘም። በግንቦት ወር 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ።

ማርኮኒ ሐምሌ 20 ቀን 1937 በሮም ከተማ በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 63 ዓመት ነበር። ለክብሩ በእንግሊዝ አገር የሚገኙ የራዲዮ ማስተላለፊያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ነፋስ ስልክ ከመፈጠሩ በፊት እንደ ነበረው አየሩ ጸጥ አለ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጀመረው የሦስት ቀን ፍጅት፣ እርሱ የደገፈው መንግሥት ወታደሮችና ደጋፊዎች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የፈጸሙት ግድያ ግን በዓለም ዘንድ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልታወጀለትም።

እንግዲህ ስለ ማርኮኒ ምን እንላለን? በባሕር ላይ የዳኑት ሰዎች ሊያመሰግኑት ይገባቸዋል፤ ምስጋናቸውም ሐሰት አይደለም። በወረራው ያለቁት ኢትዮጵያውያን ልጆችም ሊወቅሱት ይገባቸዋል፤ ወቀሳቸውም ሐሰት አይደለም። አንዱን ለማስታወስ ሌላውን መርሳት ታሪክን ማጉደል ነው። ዕውቀት ሰውን ታላቅ ያደርገዋል፤ ደግ ለማድረግ ግን ብቻውን አይበቃም። የመርከቡን ጥሪ ከሩቅ እንዲሰማ ዓለምን ያስተማረው ሰው የተወረረ ሕዝብን ጩኸት ለመስማት ጆሮውን ደፈነ። ዛሬ ነፋስ ስልክ የሚለውን ስም የሚጠራ ተማሪ ይህን ሁለቱንም ቢያስታውስ የሠፈሩን ስም ትርጉም በሚገባ ተረዳ ማለት ነው።

መልመጃ አንድ
የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ማርኮኒ ለሥራው እንግሊዝ አገርን የመረጠው በምን ምክንያት ነው?
2. ነፋስ ስልክ ከመኖሩ በፊት መርከቦች በምን በምን ምልክት ይነጋገሩ ነበር? የምልክቶቹስ ጉድለት ምን ነበር?
3. ካሊፎርኒያን ቅርብ ሆኖ ሳለ ያልሰማውን ጥሪ ካርፓቲያ ሩቅ ሆኖ ሊሰማ የቻለው እንዴት ነው?
4. የ1906ቱ የበርሊን ጉባኤና የ1914ቱ የለንደን ውል እያንዳንዳቸው የትኛውን ጉድለት ለማረም የተደረጉ ናቸው?

መልመጃ ሁለት
ሀ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በተሰጣቸው ትርጉም ፍቱ፤ በየራሳቸውም ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው። ተቋደሰ፣ ተላተመ፣ ገሰገሰ፣ ጠለፈ፣ ጆሮውን ደፈነ።
ለ. ሽቦ አልባ የሚለው ቃል ከስምና አልባ ከሚለው ቃል የተጣመረ ነው። በዚሁ ዓይነት የተጣመሩ አምስት ቃላት ጻፉ።

መልመጃ ሦስት
ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ ከሁለት ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።
1. የምኖርበት ሠፈር ስም እንዴት ተገኘ? (ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።)
2. ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ምን ይጠቅማል?